የማርዩን ሳጥንና የእኔ ስልሳ ቀዳዳዎች

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። መንደራችን ውስጥ ታሪኩን የሚያወራ ሰው ሁሉ በእኔ እየሳቀ ነው የሚጨርሰው፤ ካልቀረ እኔው ጀምሬ እኔው ልጨርሰው። የማርዩንን ኮምፒዩተር በድሪል የበሳሳሁት እኔ ሳካሪስ ነኝ። ስልሳ ቀዳዳ! ያውም ሳልጠጣ፣ በጠራራ ቀን፣ መነጽሬን አድርጌ።

ማርዩን ጎረቤቴ ናት። በቤቷና በቤቴ መካከል ያለው አንድ የድንች መደብ ብቻ ነው፤ መስኮቷን ስትከፍት ሳሏን እሰማለሁ፣ እኔ ሬዲዮ ከፍ ሳደርግ እሷ ትጮኽብኛለች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። አላገባችም። ሁለት ሰው ጠይቋት ሁለቱንም እምቢ ብላለች፤ አንደኛው የአጎቴ ልጅ ነው፣ እስካሁን በአጠገቧ ሲያልፍ ኮፍያውን ዝቅ ያደርጋል። ሰው "ተይ" ሲላት ነው ሥራ የሚያምራት። "አትችይም" ያላትማ ወዮለት።

ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ከታች ወደቡ ላይ ባለው ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመቷ ጓንቷ መቁረጫው ማሽን ውስጥ ገባና የግራ እጇን ሦስት ጣቶች ይዞባት ሄደ። ያን ሰሞን መርከቤ ወደብ ላይ ስለነበረች ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋት። ገና ሳያት እንባዬ መጣ። "ምነው ሳካሪስ፣ ማን ሞተብህ?" አለችኝ። "ሰባት አሉኝ እኮ።" ከሥራ ቢሮ የመጣው ሰውዬ ደግሞ "እንግዲህ ጡረታሽን ያዢና እቤትሽ ቁጭ ብለሽ ሹራብ ሥሪ" አላት። "አንተ ሥራ፤ አሥሩም አሉህ" አለችው። ሰውዬው ሁለተኛ እኛ ደሴት ድርሽ አላለም።

የመንደሩ ትምህርት ቤት የመጨረሻዎቹን ሁለት ልጆች ሸኝቶ ሲዘጋ፣ ኮምፒዩተሮቹን ቆሻሻ መጣያ ሊወስዷቸው ነበር። ማርዩን የእጅ ጋሪ እየገፋች ሄዳ ስምንቱንም አመጣቻቸው። "ይህን ሁሉ ቆርቆሮ ምን ልታደርጊው ነው?" ብዬ አሾፍኩባት። ፈታች፣ ገጠመች፣ አቃጠለች፣ እንደገና ገጠመች። ብሎኑን በጥርሷ ትይዛለች፣ ካቻቪቴውን በቀኝ እጇ፣ በግራዋ ሁለት ጣት ደግሞ ሽቦውን ወደ ጎን ትገፋለች። ዓመታት ወሰደባት። መጀመሪያ ጀልባ መሳል ጀመረች፣ ቀጥሎ ባሕር፣ ቀጥሎ የሚንቀሳቀስ ባሕር። አንድ ቀን ጠርታ አሳየችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ዓሣ መርከብ ላይ ወጥ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ማዕበል ብርቄ አይደለም። ግን ያ ስክሪኑ ላይ ያለው ውሃ ሲነሳ እጄ ሳላዘው ወንበሩን ጨበጠ።

እሱ ነው ሥራዋ። የወደብ መሐንዲሶች የማዕበል መከላከያ ግንብ ከመገንባታቸው በፊት፣ ማዕበሉ በየት ገብቶ የት እንደሚሰበር በፊልም የምታሳያቸው እሷ ሆነች። ከዋናው ከተማ፣ ከቶርስሃቭን፣ እየደወሉ ያዟታል። የሥራ ቢሮው ሰውዬ ይህን ሰምቶ ከሆነ አፍሯል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ችግሩ ሙቀት ነው። ማዕበል የሚያሰላ ኮምፒዩተር ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ራሱን እንዳያቃጥል ድርግም ብሎ ይጠፋል። የሷ ስሌት አንዴ ከተቋረጠ እንደገና ከሀ ነው የሚጀመረው። በበረዶው ወራት እንዲህ እየጠፋባት አንድ ትልቅ ሥራ አመለጣት። ይህን የሰማው ወንድሟ ሀኑስ ከከተማ መጣ።

ሀኑስን ክፉ ነው አልልም። ታላቋ ነው፣ ከተማ ውስጥ ደህና ቤት አለው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ማርዩን የምትኖርበት የአባታቸው ቤት የሁለቱም ነው፤ አንዱ ካልፈረመ ሌላው መሸጥ አይችልም። ሀኑስ ለበጋ ማረፊያ የሚፈልገው አንድ የኮፐንሃገን ሰው አግኝቶለታል። እሷን ደግሞ በራሱ ቤት ሥር ባለችው ክፍል ሊያኖራት፣ የሆነ መሥሪያ ቤት በር ላይ እንግዳ ተቀባይ ሊያስቀጥራት አስቧል።

"ስንት ዓመት ብቻሽን ከቆርቆሮ ጋር ትታገያለሽ?" አላት። "እኔ እኮ ስላንቺ ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።"

እውነቱን ነው፣ እንቅልፍ የለውም፣ ዓይኑ ያስታውቃል። እሷ ግን ገነፈለች። ስትገነፍል ደግሞ አፏ አይያዝም። "የሚቀጥለውን ሥራ በቀኑ ካላስረከብኩ እፈርምልሃለሁ! ካስረከብኩ ግን ስለዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ!" አለችው። ሁለቱም እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። እኔ ድንች ልበደር ገብቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበርና ምስክር ሆንኩ። እኛ ዘንድ የተጨባበጡበት ነገር ከፊርማ ይከብዳል።

የሚቀጥለው ሥራ ሐምሌ ላይ መጣ። ቱሪድ የምትባል መሐንዲስ ደወለች። ከባሕሩ ማዶ ላለው መንደር ግንብ ሊሠራ ነው፤ ሕዝቡ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይሰበሰባል፤ ፊልሙ ያን ሰዓት ግድግዳ ላይ መታየት አለበት። ማርዩን ለዚሁ ብላ ያገለገለ ግን ጉልበተኛ ግራፊክስ ካርድ፣ ምስሉን የሚያሰላውን ክፍል፣ ገዝታ ኮምፒዩተሯ ውስጥ አስገባች። ሰኞ ዕለት አስነሳችው። ሦስት ሰዓት ሠርቶ ድርግም።

ጩኸቷን ሰምቼ የድንቹን መደብ ተሻግሬ ገባሁ።

"ምን ሆነ?"

"ዘጠና ስድስት ዲግሪ ገባ! እንቁላል ልቀቅልልህ?"

የኮምፒዩተሩን ሳጥን አየሁት። ፊቱ ላይ አንድ ፋን፣ ጀርባው ላይ አንድ ፋን፣ ሌላው ሁሉ ድፍን ላሜራ። ቀረብ ብዬ ሳሸተው የተለበለበ ሱፍ ይሸታል፤ በጎች ያሉት ሰው ቤት ምን ጊዜም ሱፍ ይበናል። ተናደድኩ። እዚህ ደሴት ላይ ነፋስ የሌለበት ቀን ስንት ነው? ጣሪያችንን በሽቦ አስረን የምንኖር ሰዎች፣ አንድ ሳጥን አየር አጥሮት ዓይናችን ሥር ይሙት? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

"የሥጋ ጎጆዬን አይተሻታል?" አልኳት።

"ከተወለድኩ ጀምሮ።"

"ታዲያስ?"

የሥጋ ጎጆ የሌለው ቤት የለም። ግድግዳው ፍልጥ ጣውላ ነው፣ በጣውላና በጣውላ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። በመስከረም የበጉን እግር ሰቅለን እንተወዋለን፤ ጨው የለ፣ እሳት የለ፣ ነፋሱ ብቻ ገብቶ ያደርቀዋል። የኔ ጎጆ ሥጋ በመንደሩ አንደኛ ነው፣ ይህን ቄሱም ይመሰክራሉ።

"በአራቱም በኩል ክፈቺው" አልኳት። "ነፋሱ ከየትም ይግባ። ያን የሚያህል የበግ ታፋ የሚያደርቅ ነፋስ ይችን ካርድ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል?"

ማርዩን ትንሽ አሰበች። እኔን የምታምነኝ በሁለት ነገር ነው፣ በሥጋና በነፋስ። "ድሪልህን አምጣ" አለችኝ።

ኧረ ያን ዕለት ድሪሉን ባሕር በበላው! ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሠራን። ላሜራውን በግራም በቀኝም ጎኑ ወንፊት አደረግኩት፤ አናቱንም አልማርኩት። ማርዩን ከትምህርት ቤቱ አሮጌ ማሽኖች አራት ፋን ነቅላ ጨመረችና በጠቅላላው ስድስት ሆኑ። ስድስቱንም ወደ ውስጥ እንዲነፍሱ አድርገን ገጠምናቸው።

"የኋላውንም ወደ ውስጥ?" አለችኝ መሃል ላይ ቆም ብላ።

"ነፋስ በዛ ተብሎ ይከሰሳል እንዴ?"

ድፍረቴ! ስድስቱ ፋኖች ሲነሱ ጠረጴዛው ተንዘፈዘፈ። እኔም ሄጄ ከጎጆዬ ሥጋ ቆርጬ መጣሁና በቀዝቃዛ ድንች በላን፤ ሥራው እንዳለቀ ሰው እርስ በርስ ተመሰጋገንን።

ረቡዕ ጠዋት አስነሳችው። አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ሠርቶ ጠፋ።

ቀድሞ ሦስት ሰዓት የሚቆይ ማሽን! እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ። ማርዩን ዞር ብላ አየችኝና ድሪሌን ከጠረጴዛው አንስታ እጄ ላይ አኖረችው።

"ሳካሪስ፣ ውጣ" አለች።

"እንግዲህ እኔማ ለመርዳት..."

"ውጣልኝ! የበሳኸው ሳጥኑን እንዳይመስልህ። ቤቴን ነው የበሳህብኝ! ቤቴን!"

ወጣሁ። እግሬ ወደ ቤቴ አልሄድ አለኝ፣ ጎጆዬ ውስጥ ገብቼ ከተሰቀለው ሥጋ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ እንዲያ አፍሬ አላውቅም። አንድ ጊዜ መርከብ ላይ የሃያ ሁለት ሰው ወጥ ውስጥ ጨው ነው ብዬ ስኳር ሞጅሬ ነበር፤ ያኔ እንኳ እንዲያ አላፈርኩም። ሀኑስ ዓርብ በጀልባ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሁድ ደውሎ "ታስረክብ ይሆን?" ብሎ ጠይቆኝ፣ እኔ ከንቱ ደግሞ "እኔ እያገዝኳት!" ብዬዋለሁ። ሰው ይህን ካለ በኋላ ምን ዓይን አለው?

ሐሙስ በጠዋት ጎጆዬ ውስጥ እንደገና ቁጭ ብዬ ሳለ በሩ ተከፈተ። ማርዩን ናት። በእጇ ያልተፈተለ ነጭ ሱፍ ይዛለች፣ ብን የሚል ቅንጣቢ። እንደምን አደርክ የለ ምን የለ፣ ቀጥ ብላ ገብታ ሱፉን ከጣውላዎቹ ክፍተት አጠገብ ያዘችው። ሱፉ ወደ ውስጥ ተነፋ። ወደ ማዶኛው ግድግዳ ሄዳ እዚያም ያዘችው። ሱፉ በክፍተቱ ሹልክ ብሎ ወደ ውጭ በረረ።

"አየህ?" አለች።

"ምኑን?"

"በዚህ ይገባል፣ በዚያ ይወጣል። ጎጆህ በአራት በኩል ክፍት ናት እንጂ ነፋሱ በአራት በኩል አይገባም! በአንዱ ገብቶ በሌላው ነው የሚወጣው። ይህን ሁሉ ዘመን ሥጋ ስትሰቅል አላየህም?"

በገዛ ጎጆዬ! አባቴ የሠራት፣ እኔ ሦስት ጊዜ ጣሪያዋን የቀየርኩላት ጎጆ!

"እዚህ ነፋሱን የሚገፋልህ እግዜር ነው" አለች። "የኔ ሳጥን ውስጥ ማን ይገፋዋል? ተነስ፣ ና ላሳይህ።"

ቤቷ ገባን። ስድስቱን ፋኖች አስነሳችና ሱፉን በአንደኛው ጎን ካሉት ቀዳዳዎቼ አጠገብ ያዘችው። ፋኑ ወደ ውስጥ የነፋው አየር፣ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይሄድ፣ ጎኑ ባለው ቀዳዳ ተመልሶ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ሱፉን በክር አንጠልጥላ መሃል ላይ፣ ካርዱ ጋ አወረደችው። ሱፉ እንደ ሞተ ዓሣ ተንጠልጥሎ ቀረ። ስድስት ፋን እየጮኸ መሃሉ ላይ ትንፋሽ የለም!

"ስድስት ሰው በአንድ በር ልግባ ብሎ ሲጋፋ ማንም አይገባም" አለች። "የሚወጣ ከሌለ የሚገባም የለም።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ ማርዩን።"

"ይቅርታህን ዓርብ ማታ ስጠኝ። አሁን ብሎን አቀብል።"

እንደገና ገጠመችው። ሦስቱን ፋን ፊት ለፊት ዝቅ አድርጋ ወደ ውስጥ አዞረቻቸው፤ ቀዝቃዛው አየር ወለል ላይ ነውና። አንዱን ከኋላ ወደ ውጭ። አንዱን አናቱ ላይ፣ ወደ ኋላ ጠጋ አድርጋ፣ ወደ ውጭ፤ የጋለ አየር ሽቅብ ነዋ የሚለው። "የፋኑ መስቀለኛ ላስቲክ ያለበት ጎን ጀርባው ነው፣ ነፋሱ በዚያ በኩል ነው የሚወጣው" እያለች እኔን አንድ በአንድ አስመረመረችኝ። እኔም ምላሴ አያርፍም፣ "የላይኛውን ወደ ፊት ብታመጪው ሰፊ ቦታ አለ" አልኳት።

"ገና አሁን የገባውን ቀዝቃዛ አየር ካርዱ ጋ ሳይደርስ ሊያስወጣብኝ? አንተ ሰውዬ አትማርም?"

ስድስተኛውን ፋን "ይኼኛው ላንተ ማስታወሻ ይሁንህ" ብላ ኪሴ ውስጥ ከተተችው። ለምን ሦስት ገቢና ሁለት ወጪ እንደሆነ ስጠይቃት፣ የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ አየሩ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ስለሚገፋ የቤቱ ሱፍ በየቀዳዳው አይሳብም አለች። ፊት ለፊቱን ደግሞ አሮጌ ስስ ስቶኪንግ ወጥራ አለበሰችው፤ የሚገባው አየር ተጣርቶ ይግባ ብላ። ከዚያ ሁለታችን ቁጭ ብለን ስልሳውን ቀዳዳ አንድ በአንድ በፕላስተር ደፈንን። አርባ ሰባተኛው ላይ ወገቤ ተቆረጠ፤ አልተነፈስኩም። ስንጨርስ ሌሊቱ ተጋምሷል፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ሞከረችው። ሰባ ዘጠኝ ዲግሪ፣ ፍንክች የለም። እኔ ላጨበጭብ እጄን ሳነሳ "ገና ነው" አለችኝ።

ዓርብ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አስነሳችው። ሥራው ሳይቋረጥ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልቃል፣ በአሥር ሰዓት ማዶ ይታያል። አንዴ ቢጠፋ ግን እንደገና ለመጀመር ጊዜ የለም፤ ቤቱም አበቃለት። ሁለታችንም ቁጥሩ ላይ ዓይናችንን ተክለን ተቀመጥን። ሰባ ስምንት። ሰባ ዘጠኝ። ሰባ ዘጠኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሀኑስ ገባ። በእጁ አንድ ጠንካራ ግራጫ የካርቶን ፋይል ይዟል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና እህቱን ጉንጯን ሳማት።

"እንዴት እየሄደ ነው?"

"ሦስት ሰዓት ቀርቶታል።"

"ጥሩ" አለ፤ ድምፁ ግን አላመነም። "ገዢው ሰኞ ቤቱን ሊያይ ይመጣል። ወረቀቱን ለማንኛውም ይዤው መጣሁ፣ እንዳንመላለስ ብዬ ነው።"

"ለማንኛውም?" አለች ማርዩን። "ሬሳ ሳይወጣ መቃብር ቆፈርክ?"

"አትቆጪ እንጂ። ብቻሽን ሆነሽ አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ይደርስልሻል?"

"እኔ አለሁ" አልኩ።

ሁለቱም ዞረው ሳጥኑን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። ሰማንያ ሁለት። ሰማንያ ስድስት። ማርዩን ከወንበሯ ብድግ አለች። ካርዱ ባለበት በኩል የለጠፍነው ፕላስተር በሙቀቱ ሙጫው ቀልጦ፣ ከውስጥ የሚገፋው አየር እየነፋው፣ አንድ በአንድ እየተላቀቀ ይርገበገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል! ከፊት የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ካርዱ ጋ ሳይደርስ በኔ ቀዳዳዎች እየሾለከ ነው። በመዳፌ ተጫንኩት። አንዱን ስይዝ ሌላው ይላቀቃል። በላሜራው ግለት እጄ ተለበለበ፣ አለቀቅኩም።

"ሰማንያ ዘጠኝ!" አለች ማርዩን።

"ታዲያ ለምን አትከፍቱትም?" አለ ሀኑስ። "የጎኑን ክዳን ሙሉ በሙሉ እናንሳለትና ይተንፍስ!" እጁን ወደ ክዳኑ ሰደደ።

"እጅህን!" ብላ ጮኸችበት። ሰውዬው ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

"ሀኑስ፣ እኔም እንዳንተው ብዬ ነው እዚህ የደረስነው" አልኩት። "እባክህ እንዳትነካው።"

ዘጠና አንድ። ማርዩን ክፍሉን በዓይኗ አሰሰች። ፕላስተር አይሆንም። ጨርቅ አይሆንም። ሁለቱንም ጎኖች ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራና ቀጥ ያለ ነገር ነው የሚያስፈልገው፣ አሁኑኑ። ዘጠና ሁለት። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

ፋይሉን አነሳችው። ከፍታ የሽያጩን ውል አወጣች፣ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካክላ ለሀኑስ ዘረጋችለት።

"ይኸው ወረቀትህ። ካርቶኑ ግን ያስፈልገኛል።"

"ማርዩን! እሱ እኮ የጠበቃው..."

"ምነው፣ ካርቶኑ ላይ ነው የምፈርመው?"

የበግ መሸለቻውን መቀስ ከግድግዳው አውርዳ ፋይሉን ከመታጠፊያው ላይ ለሁለት ሰነጠቀችው። አንዱን ገጽ በግራ ጎን፣ አንዱን በቀኝ ጎን አድርጋ ልጥፍ አደረገችው። "ያዝ ሳካሪስ!" ያዝኩ። የዓሣ መረብ መጠገኛ ገመድ አምጥታ ሳጥኑን ዙሪያውን ጠመጠመችው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዘጠና አራት። ዘጠና ስድስት ላይ እንደሚጠፋ እኔና ማርዩን እናውቃለን። ልታስር ስትል ግን አቃታት። በግራዋ ያሉት ሁለት ጣቶች ገመዱን ወጥረው ሲይዙ ቋጠሮው ላይ የሚቀመጥ ጣት የላትም፤ በጥርሷ እንዳትይዘው አፏ ቋጠሮው ጋ አይደርስም። የኔ ሁለቱም እጆች ካርቶኑን ይዘዋል፣ ብለቅ ይወድቃል።

"ሀኑስ!" አለች። "ጣትህን እዚህ ጋ!"

አልተነቃነቀም። ውሉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። እኔ እንዲህ ነኝ፣ ሰው ሲቸግረው አያለሁ፤ ፊቱ ላይ ሁሉም ነገር ታየኝ። ዝም ብሎ ቢቆም፣ ምንም ሳያደርግ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ዝም ብሎ ቢቆም ቤቱ ተሸጠ።

"አይሰማህም እንዴ? ጣትህን!"

ሀኑስ ውሉን ወለሉ ላይ ጣለው። ተንበረከከ። ሌባ ጣቱን ገመዱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ተጫነ፣ እሷም ጣቱን ጭምር ልታስረው ትንሽ እስኪቀራት ጎትታ ቋጠረችው። የፋኖቹ ሽውታ ብቻ ነው የሚሰማው። ዘጠና አራት። ዘጠና አራት። ዘጠና አራት። እኔ እግዜርን በልጅነቴ በተማርኩት ጸሎት ለመንኩት፣ ከግማሽ በላይ ጠፍቶብኛል። ዘጠና ሦስት። ዘጠና። ሰማንያ አምስት።

"ልቀቅ" አለችው ማርዩን። "አሁን ይችላል።"

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ አለቀ። ላከችው። አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ጉዳይ ላይ ቱሪድ ደወለች፤ "ደርሶኛል፣ ሰዎቹ እየገቡ ነው፣ ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ" አለች። ማርዩን "ምንም ችግር አልነበረም" አለቻት። ምንም ችግር አልነበረም! እኔ የተለበለበ እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ይህን ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ።

ሀኑስ ውሉን ከወለሉ ለቀመ። አንደኛው ገጽ ላይ የራሱ ጫማ ዱካ አርፎበታል።

"ይኼኛው ሆነልሽ" አላት። "የሚቀጥለውስ? ማሽኑ ሲያረጅስ? አንቺስ ስታረጂ?"

"ሲበላሽ እከፍተዋለሁ፣ ሳረጅ አረጃለሁ። ግን እዚሁ ነው የማረጀው። ተጨባብጠናል፣ ሀኑስ።"

"ተጨባብጠናል" አለ። ኮቱን ለበሰ፣ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ፣ አፍሮ እንደሆነ ያስታውቃል። "ፋይሉ እንኳ የጠበቃው ነበር። መመለስ ነበረብኝ።"

ማርዩን ሳጥኑን በአገጯ አሳየችው። በሁለቱም ጎኑ ግራጫው ካርቶን ታስሮበታል፣ ቁጥሩ አርባ ስድስት ላይ ወርዷል።

"ቋጠሮው ላይ የነበረው ጣት ያንተ ነው" አለችው። "ከደፈርክ ፍታውና ውሰደው።"

ሀኑስ ቋጠሮውን በሌባ ጣቱ ነካ አደረገው። ከዚያ ውሉን አራት ቦታ አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና፣ ባዶ እጁን ወደ ጀልባው ወረደ።